ቆጣሪው ይናገር፤ ግን በማን መስመር?

አንድ ሰፈር መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው? ምጣዱን አግላ የመጀመሪያውን እንጀራ የጋገረችው እናት ናት። የደንበኛውን ፀጉር ግማሽ ቆርጦ ማሽኑ እጁ ላይ የቆመበት ፀጉር አስተካካይ ነው። ኤሌክትሪኩን የሸጠላቸው ድርጅት የሚያውቀው አንዳቸው 905 ደውለው፣ መስመር እስኪገኝ ጠብቀው፣ ሰፈሩን ከነምልክቱ አስረድተው ሲጨርሱ ነው።

ከፍተኛ መስመር ሲበጠስ ወይም ማከፋፈያ ጣቢያ ሲበላሽ ባለሙያዎቹ ወዲያው ያያሉ። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር በታች ግን አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ ዓይን የለውም። ፊውዝ ቢቃጠል፣ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ቢቋረጥ፣ የአንድ ቤት ገመድ ቢበጠስ የሚነግረው የተጎዳው ሰው ብቻ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ያስመረቀች አገር፣ ኤሌክትሪኩ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ወሬውን የምትሰማው በስልክ ጥሪ ነው።

ሂሳቡም ያው ነው። ቆጣሪ አንባቢው በእግሩ ይዞራል፤ በር ተዘግቶ ያገኛል፤ ውሻ ያባርረዋል፤ ግምት ይጻፋል። ግምቱ ወር በወር ይጠራቀምና አንድ ቀን እውነተኛው ንባብ ሲመጣ ቤተሰቡ የማያውቀው ዕዳ ተቆልሎ ይጠብቀዋል። የካርድ ቆጣሪ ይህንን ጣጣ በከፊል ፈትቷል፤ ሰው የሚጠቀመውን ቀድሞ ይከፍላል። ነገር ግን የካርድ ቆጣሪም ዲዳ ነው። ብር ይቀበላል እንጂ ምን እንደደረሰበት ለማንም አይናገርም።

የዲዳነት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ደቡብ አፍሪካውያን በቅርቡ አይተዋል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው ከእ.ኤ.አ. 1993 መጀመሪያ አንስቶ በደቂቃ ነው። የመቁጠሪያው ቦታ ኅዳር 24 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ሞላ። ከዚያ በኋላ አዲስ ኮድ ያልገባለት ቆጣሪ ሂሳብ መሙላት አይችልም። ቆጣሪዎቹን ከሩቅ ማነጋገር ስለማይቻል ሥራው በየቤቱ፣ በየቆጣሪው፣ ሁለት ረጃጅም ኮዶችን በጣት እየነኩ ማስገባት ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ቤተሰብ ይህንን እንዲሠራ መለመን፣ ማስጠንቀቅና ማሳደድ ዓመታት ፈጀ።

ስለዚህ ከርቀት የሚነበብ ቆጣሪ መምጣቱ የሚያከራክር አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም ትላልቅ ኃይል ተጠቃሚዎች ዘንድ እንዲህ ያሉ ቆጣሪዎችን መትከል ጀምሯል። የሚያከራክረው ሌላ ነው። በየጉባኤውና በየዜናው ካሜራ የሚደገንበት ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ሣጥን ላይ ነው። ሣጥኑ ግን ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ፕሮጀክቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም ከሣጥኑ እስከ ማዕከሉ ባለው የመገናኛ መስመር ላይ ነው።

መስመሩ በመሠረቱ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሱ የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው፤ ቆጣሪው ምልክቱን በመብራት መስመሩ ላይ አሳፍሮ ትራንስፎርመሩ ዘንድ ወደተቀመጠ መረጃ ሰብሳቢ መሣሪያ ይልካል። ሁለተኛው የሬዲዮ መረብ ነው፤ ቆጣሪዎች እርስ በርስ እየተቀባበሉ መልእክቱን ያደርሳሉ። ሦስተኛው የሞባይል ኔትወርክ ነው፤ እያንዳንዱ ቆጣሪ እንደ ስልክ ሲም ካርድ ይይዛል።

የመረጃው መጠን ራሱ ከባድ አይደለም። በየ15 ደቂቃው የሚያነብ ቆጣሪ በቀን 96 ንባብ ይልካል፤ ይህ በቴሌግራም ከሚላክ አንድ ፎቶ ያነሰ ነው። ከባዱ አስተማማኝነቱ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ቆጣሪ በቀን 96 ሚሊዮን ንባብ ያመጣል፤ ከመቶው አምስቱ ካልደረሱ ያ ግምት የሚባለው ነገር በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ቀድመው ሄደዋል። የጣሊያኑ ኤነል ከ2001 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት 30 ሚሊዮን ገደማ ቆጣሪዎችን ሲተክል ከቤት እስከ ትራንስፎርመር ያለውን መንገድ የራሱን ገመድ አደረገው፤ የሞባይል ኔትወርክን የተጠቀመው ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ላለው ብቻ ነው። ፈረንሳይም ከ2015 እስከ 2021 ሊንኪ የተባለውን ቆጣሪ ወደ 35 ሚሊዮን በሚጠጋ ቤት ስታስገባ ይህንኑ መንገድ ተከተለች።

ብሪታኒያ ሌላ መንገድ መረጠች። በአገሪቱ መካከለኛና ደቡባዊ ክፍል ቆጣሪዎቹ በአብዛኛው በሞባይል ኔትወርክ ላይ ተደገፉ፤ ያውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ። ችግሩ ቆጣሪ 15 እና 20 ዓመት እንዲያገለግል የሚገዛ ዕቃ መሆኑ ነው፤ የሞባይል ትውልድ ግን ከዚያ በፊት ያረጃል። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2023 ባወጣው ሪፖርት ሦስት ሚሊዮን ያህል ቆጣሪዎች በትክክል እንደማይሠሩ፣ አሮጌዎቹ ኔትወርኮች ሲዘጉ ደግሞ ሰባት ሚሊዮን ያህል የመገናኛ ክፍሎች መለወጥ እንደሚኖርባቸው አስታወቀ። ሀብታም አገር ይህንን ወጪ እያጉረመረመ ይከፍለዋል። በውጭ ምንዛሪ ትራንስፎርመር ለመግዛት ወረፋ ለሚጠብቅ አገር ግን ሁለት ጊዜ መግዛት ማለት ከሁለት ሰፈር አንዱን በጨለማ መተው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቀላሉ መንገድ ሲም ካርዱ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አለ፤ ሳፋሪኮም አለ፤ ሕዝቡም ከግንቦት 2013 ዓ.ም ወዲህ በቴሌብር መክፈልን ለምዷል። ኮንትራት ተፈራርሞ በማግስቱ መጀመር ይቻላል። ነገር ግን ከብሪታኒያው ትምህርት በላይ እዚህ አገር ሁለት የራሷ ጉዳዮች አሏት።

የመጀመሪያው ኔትወርክ መዘጋቱ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ውጭ ሆነች። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። መዝጋቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር በሌላ ቦታ ይደረግ። ለቆጣሪው ጥያቄ አንድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ በሞባይል ዳታ ላይ ከተሰቀለ፣ ዳታው በተዘጋ ቀን ቆጣሪው ምን ይሆናል? ማንበብ ይቆማል። ብልሽት ማሳወቅ ይቆማል። ክፍያው ከሩቅ በሚላክ ትእዛዝ ብቻ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ያለቀበት ቤተሰብ ገንዘብ ይዞ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ለጸጥታ ሲባል ፌስቡክን መዝጋት የፈለገ ባለሥልጣን ሳያውቀው የክሊኒክን ማቀዝቀዣ ይዘጋል ማለት ነው።

ሁለተኛው የመደጋገፍ ችግር ነው። የሞባይል ማማ ራሱ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪና በጄኔሬተር ጥቂት ይቆይና እሱም ይጠፋል። ቆጣሪው "እኔ ጋ ጠፍቷል" ማለት በሚገባው ሰዓት የሚያዳምጠው ማማ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። አንዱ ዕውር ሌላውን ዕውር ሲመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አማራጩ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ ተሸካሚ መስመሮቹ አናት ላይ የተዘረጋ የፋይበር መስመር አለው፤ ለቴሌኮም ድርጅቶችም ያከራያል። ችግሩ በ2006 ዓ.ም የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል የሚያመነጨውና የሚያስተላልፈው አንድ ቤት፣ የሚያከፋፍለውና የሚሸጠው ሌላ ቤት መሆናቸው ነው። ፋይበሩ በአንደኛው እጅ ነው፤ ቆጣሪው በሌላኛው። ሁለቱ ወንድማማች ተቋማት ተነጋግረው ፋይበሩን እስከ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ቢጠቀሙበት፣ ከዚያ እስከ ትራንስፎርመር ሬዲዮ ወይም እንደየአካባቢው ሞባይል ቢሆን፣ ከትራንስፎርመር እስከ ቤት ደግሞ በራሱ ገመድ ወይም በቆጣሪዎች መካከል ባለ ሬዲዮ ቢኬድ፣ ቴሌኮሙ ሲዘጋ መላው ሥርዓት አብሮ አይሞትም። የገመዱ መንገድም ጣጣ አለው፤ ያረጀ መስመርና ርካሽ ቻርጀር የሚፈጥረው ጫጫታ ምልክቱን ያበላሻል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በእውነተኛ ሰፈር፣ መስመሩ ከግቢ ወደ ግቢ በሚንጠላጠልበት መንደር መሞከር ግድ ነው። አዲስ ኮንዶሚኒየም ላይ የሠራ ነገር አሮጌ ሰፈር ላይ እንደሚሠራ ማረጋገጫ አይሆንም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ገና ብዙ ሚሊዮን ሰው ኩራዝ እያበራ ለከተማ ቤቶች የሚናገር ቆጣሪ መግዛት ቅንጦት አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በየቤቱ በአንድ ጊዜ እንትከል ከተባለ መልሱ "አዎ፣ ቅንጦት ነው" ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ይቻላል። መጀመሪያ የሚናገር ቆጣሪ ሊኖረው የሚገባው ትራንስፎርመሩ ነው። አንድ ትራንስፎርመር የብዙ ቤት ኃይል ያሳልፋል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው የቆጣሪ ቁጥር በጣም ያንሳል። ትራንስፎርመሩ ያወጣው ኃይል ይታወቃል፤ ቤቶቹ የከፈሉበት ይደመራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወይ ብክነት ነው ወይ ስርቆት። የትኛው ሰፈር ላይ ኃይል እየፈሰሰ እንደሆነ ያኔ በግምት መናገር ይቀራል። ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ከመቃጠሉ በፊትም ይናገራል። ከዚህ የሚድነው ገንዘብ ለገጠሩ መስመር ይውላል።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤቶች ሲገባ ቆጣሪ የሚጋሩ ቤተሰቦች ይቅደሙ። በየግቢው አምስትና ስድስት ተከራይ ከአንድ ቆጣሪ ገመድ ስቦ ይኖራል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እንዲጨምር ሆኖ የተሠራ ነው። ድምራቸው ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ አንድ አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ያለው ተከራይ እንደ ባለ ቪላ ይከፍላል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ሲወሰን ይህ ክፍተት እየሰፋ ሄዷል። ለእነዚህ ሰዎች የሚናገር ቆጣሪ የሚጠቅመው መጀመሪያ የራሳቸው ቆጣሪ ሲኖራቸው ነው።

የሥልጣን ጉዳይም አለ። ከሩቅ የሚነበብ ቆጣሪ ከሩቅ የሚያጠፋም ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) ሰርጎ ገቦች የዩክሬን የኤሌክትሪክ አከፋፋዮችን መቆጣጠሪያ ይዘው 225,000 ያህል ደንበኞችን ለሰዓታት በጨለማ አስቀመጡ። ማብሪያ ማጥፊያው በየቤቱ ሲገባ የሚጠበቀው በርም በዚያው ልክ ይበዛል። ከሌባው ሌላ ደግሞ የራስ ሰው አለ። አንድ ሠራተኛ ቢሮው ተቀምጦ በአንድ ቁልፍ የማንን መብራት፣ በምን ምክንያት፣ ከስንት ቀን ማስጠንቀቂያ በኋላ ማጥፋት ይችላል? በበዓል ዋዜማስ? ሕሙም ባለበት ቤትስ? የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይህንን በመመሪያ መወሰን ያለበት ቆጣሪዎቹ ከተተከሉ በኋላ ሳይሆን ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ነው።

የ15 ደቂቃ ንባብ ደግሞ የቤትን ምሥጢር ያወጣል። ሰው መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ ቤቱ ባዶ እንደሆነ፣ ምጣድ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጣድ ይናገራል። የኔዘርላንድስ ላይኛው ምክር ቤት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ቆጣሪውን አስገዳጅ የሚያደርገውን ሕግ የመለሰው በዚህ ስጋት ነበር። ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። አዋጁ በወረቀት ላይ እንዳይቀር፣ ለሂሳብ የወሩ ድምር እንደሚበቃና ዝርዝሩ ያለ ደንበኛው ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንም እንደማይሰጥ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

በመጨረሻም የጨረታው ሰነድ ራሱ አለ። ቆጣሪውም፣ መረጃ ሰብሳቢውም፣ ሶፍትዌሩም ከአንድ ሻጭ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አገሪቱ ለ20 ዓመት የዚያ ሻጭ ጥገኛ ናት። ዲኤልኤምኤስ ኮሴም የሚባለው ዓለም አቀፍ ክፍት የቆጣሪ ቋንቋ ለዚህ ነው የተዘጋጀው፤ የአንዱ ፋብሪካ ቆጣሪ በሌላው ማዕከል እንዲነበብ። ይህች አንድ መስመር በሰነዱ ውስጥ መኖሯ ወይም መቅረቷ ከቆጣሪው ዋጋ በላይ ገንዘብ ያድናል ወይም ያስወጣል። በእግሩ እየዞረ ያነብ የነበረው ሠራተኛም አይጣል፤ የትኛው ቤት ከየትኛው ምሰሶ እንደሚቀጥል ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የሰፈሩን መስመር ካርታ የሚሠራው እሱ ቢሆን ድርጅቱ ያተርፋል።

ዜጋው የሚጠይቀው ትንሽ ነው። መብራት ሲጠፋበት ሳይደውል ይታወቅለት፤ ሂሳቡ የተጠቀመበት ይሁን፤ ኔትወርክ በተዘጋ ቀን መብራቱ አብሮ አይዘጋበት። ሦስቱም የሚወሰኑት ጨረታው በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያ ጠረጴዛ ላይ ስለ ሣጥኑ ቀለምና ዋጋ ብቻ ከተወራ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ውድ የሆነ ዲዳ ቆጣሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ያው ሰው ያው 905 ላይ መስመር እየጠበቀ ይገኛል።