የቢሾፍቱ ኤርፖርት ፈጣን ባቡር ወጪውን ይመልሳል ወይ?

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ፣ ለኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን፣ ዕዳውን ለሚከፍለው ሕዝብ

ከቦሌ ወደ ቢሾፍቱ የታሰበው ፈጣን የኤርፖርት ባቡር ወጪው የሚገባው መሆን አለመሆኑ የሚለየው ባቡሩ ከምን ጋር እንደሚገናኝ ሲታወቅ ነው። የአዲሱን የቢሾፍቱ ኤርፖርት ታሪክ ሚኒስቴሩ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የመሠረት ድንጋዩ በጥር 2018 ዓ.ም ተቀምጧል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተነግሯል። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ከዋና ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅም ፈጣን ባቡር በዕቅዱ ውስጥ ገብቷል። ይህን ለሚኒስቴሩ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ወደሚያመው ቦታ መሄድ ይሻላል። የሚያመው ቦታ ለቡ ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚህም 85 በመቶው የቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ ብድር ነው። ልክ በዓመቱ፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም፣ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው የ752 ኪሎ ሜትር የኤሌክትሪክ ባቡር የኢትዮጵያው ክፍል ተመረቀ። ዋናው አበዳሪ ያው ባንክ፣ የሁለቱም አሠሪ ያው የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነበር። ሁለቱ ባቡሮች ግን የትም ቦታ አይገናኙም። የቀላል ባቡሩ የደቡብ መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ የጅቡቲው ባቡር መንገደኛ የሚያሳፍረው ከፉሪ ለቡ ነው።

በመካከል የቀረውን መንገድ መንገደኛው በኪሱ ይሞላዋል። ለድሬዳዋ የሚነሣ ሰው ጎህ ሳይቀድ ኮንትራት ታክሲ ተከራክሮ ይይዛል፣ ሻንጣውን በጭኑ አቅፎ፣ ልጁን በጀርባው አዝሎ፣ ሰፊው የጣቢያ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ይወርዳል። ከድሬዳዋ የተመለሰውም ያንኑ ክርክር ከማታው ታክሲ ጋር እንደገና ይጀምራል። የምሥራቅ ምዕራቡ ቀላል ባቡር ደግሞ ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በእስጢፋኖስ አድርጎ ጦር ኃይሎች ሲደርስ ቦሌ ኤርፖርትን አይነካም። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት፣ በተመሳሳይ ብድር የተሠሩ ሁለት ባቡሮች እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ሁለቱም ከአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ በር አይደርሱም። ይህን ድህነት አመጣው ማለት አይቻልም። ገንዘቡ ነበረ፣ ተከፍሏል፣ አሁንም እየተከፈለ ነው። ሁለቱን ንድፎች ጎን ለጎን ዘርግቶ «የት ይገናኛሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው።

አዲሱ ፈጣን ባቡር በታሰበው መንገድ ከተሠራ ይህ ስህተት ለሦስተኛ ጊዜ ይደገማል። የሚነሣው ቦሌ ላይ ነው፤ ቦሌ ላይ ደግሞ የከተማ ባቡር የለም። የሚደርሰው ኤርፖርቱ በሚሠራበት በቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አቡሴራ ነው፤ የጅቡቲው መስመር በቢሾፍቱ ቢያልፍም ሁለቱ የሚገናኙበት ጣቢያ ለሕዝብ ተለይቶ አልተነገረም። ባቡር ከማይደርስበት ኤርፖርት ወደ ሌላ ኤርፖርት የሚሮጥ ባቡር የቱንም ያህል ቢፈጥን ተሳፋሪው አስቀድሞ በታክሲ ወረፋ ላይ ቆሟል።

የመንገደኛው ቁጥርም በጥሞና መታየት አለበት። 60 ሚሊዮን ሲባል 60 ሚሊዮን ሰው ባቡር ይሳፈራል የሚመስለው ብዙ ነው። የኤርፖርቱን ንድፍ የሠራው የዛሃ ሐዲድ የአርክቴክቶች ድርጅት እንደገለጸው፣ ከመንገደኞቹ 80 በመቶ ያህሉ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን የሚሸጋገሩ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ከሌጎስ መጥቶ ወደ ጓንዡ የሚያልፍ ነጋዴ ከኤርፖርቱ አይወጣም፤ ባቡሩንም አያየውም። የሚቀረው 12 ሚሊዮን ነው፤ ሲመጣም ሲሄድም ተቆጥሮ በቀን ወደ 33 ሺህ ሰው ማለት ነው። ከዚህ ሦስተኛው እጅ ባቡሩን ይመርጣል ተብሎ ቢታሰብ እንኳ በቀን 11 ሺህ ተሳፋሪ ይሆናል። ቀላል ባቡሩ በደህናው ጊዜ በቀን ከ100 ሺህ ሰው በላይ እያመላለሰ፣ በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ታሪፍ የመለዋወጫውን ወጪ መሸፈን አልቻለም፤ ከ41 ባቡሮቹ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል።

ፍጥነቱ የሚያተርፈው ጊዜም ሲሰላ ትንሽ ነው። 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ ባቡር 12 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሰዓት 120 በሚሮጥ ባቡር 20 ደቂቃ። ልዩነቱ 8 ደቂቃ ነው፤ ባቡሩ ሲነሣና ሲቆም የሚያጠፋው ጊዜ ሲታሰብ ጥቅሙ ከዚህም ያንሳል። ለዚህ 8 ደቂቃ ሲባል ጥምዝ የሌለበት አዲስ መስመር፣ ረጃጅም ድልድይ፣ ከውጭ የሚገዛ ልዩ ባቡር፣ ሊቆራረጥ የማይገባው ኃይል ያስፈልጋል። ከሰሜን ሸዋ የመጣ ሰው ከላምበረት መናኸሪያ ቦሌ ለመድረስ ብቻ ከዚያ ብዙ እጥፍ ጊዜ መንገድ ላይ ያጠፋል። ገንዘቡ የሚያተርፈው የት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

የባቡር ብድር የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ትኬቱ የሚቆረጠው በብር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት የባቡር ዕዳ ሁሉ በብር ሲመነዘር ሽቅብ ተተኮሰ፤ የተሳፋሪው ደመወዝ ግን ባለበት ቆመ። የጅቡቲው መስመር ብድርም መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በ2010 ዓ.ም መገባደጃ፣ የመክፈያ ጊዜው ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም መንግሥት ቻይናን ለመጠየቅ ተገዷል። ያ መስመር ጭነት አለው፣ ወደብ አለው። የኤርፖርት ፈጣን ባቡር ከሰውና ከሻንጣ ሌላ የሚያጓጉዘው የለም።

በሌላው ዓለም የተሞከረውም ያስተምራል። ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 የኤርፖርት ባቡር ከፈተች፤ ሙሉ ዋጋው 27.50 የካናዳ ዶላር ነበር። ባቡሩ ባዶውን ተመላለሰ። ዓመት ሳይሞላው ዋጋው ወደ 12 ዶላር ወረደ፣ ያን ጊዜ ሰው መሳፈር ጀመረ። ዴልሂ እ.ኤ.አ. በ2011 የከፈተችው ፈጣን መስመር በግል ኩባንያ የሚመራ ነበር፤ በ2012 የቴክኒክ ጉድለት ተገኝቶበት ለወራት ተዘጋ፣ በ2013 ኩባንያው ጥሎት ወጣ። የከተማዋ ሜትሮ ተረከበው፣ ዋጋውን ቆረጠ፣ ተሳፋሪው በዛ። ለንደን ውስጥ ከሂትሮው ፓዲንግተን በ15 ደቂቃ የሚደርሰው ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዝነኛ ነበር፤ በ2022 ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው፣ ዘገም ያለውና ርካሹ የኤልዛቤት መስመር ሲከፈት ብዙ ሰው ወደዚያኛው ሄደ። አቡጃ በቻይና ብድር የሠራችው የከተማና የኤርፖርት ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቆ በ2020 ቆመ፤ እንደገና የተነሣው በ2024 ነው። ቶሮንቶ፣ ዴልሂና ለንደን ፍጥነት አልጎደላቸውም። ተሳፋሪውን ያመጣው የዋጋው መቀነስና ከከተማው መጓጓዣ ጋር መያያዝ ነው።

ይህ ማለት ግን ኤርፖርቱ ያለ ባቡር ይቅር ማለት አይደለም። ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በ1975 ሚራቤል ላይ ግዙፍ ኤርፖርት ከፈተች፤ ከከተማዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ የታሰበለት ፈጣን ባቡርም አልተሠራም። መንገደኛው ሸሸው፣ በ2004 የመንገደኛ በረራው ጨርሶ ቀረ። ቢሾፍቱም ባቡር ያስፈልገዋል። ጥያቄው የትኛው ባቡር ነው።

መልሱ ከመንገደኛው ይልቅ በሠራተኛው ዘንድ አለ። 60 ሚሊዮን ሰው የሚያስተናግድ ኤርፖርት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ፈታሽ፣ ጫኝ፣ ጽዳት፣ ምግብ አብሳይ፣ ቴክኒሽያን። መንገደኛ በዓመት አንዴ ይሳፈራል፤ ሠራተኛ በቀን ሁለቴ። ለዚህ ሰው የሚሆነው በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ ከተማ የሚቆም፣ ሌሊት ፈረቃ የሚያደርስ፣ ታሪፉ ከደመወዙ ጋር የሚሄድ መደበኛ ባቡር ነው። ለዚያ የሚሆን ሐዲድ ደግሞ ተዘርግቷል። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው የጅቡቲ መስመር ክፍል ባለ ሁለት ሐዲድ ነው፣ የኤሌክትሪክ ነው፣ በቢሾፍቱ ያልፋል፤ የመንገደኛ ባቡር ግን በቀን ጥቂት ብቻ ይሄድበታል። ከእርሱ ወደ አቡሴራ ቅርንጫፍ ማውጣት ከባዶ አዲስ ፈጣን መስመር ከመገንባት ጋር በወጪ ተነጻጽሮ ከሆነ ንጽጽሩን ሕዝብ አላየውም። በአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የራሱ መስመር ያለው አውቶቡስም እንዲሁ።

ከሰሜን ሸዋ፣ ከጊሼ ወረዳዋ ራቤል የሚነሣው መንገደኛም በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ከጊሼና ከመንዝ ደጋ በአውሮፕላን የሚሄደው አብዛኛው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚያቀና ወጣት ነው፤ ይበልጡንም ሴት። ራቤል ላይ በጨለማ ትሳፈራለች፤ በመሐል ሜዳ፣ በታርማ በር፣ በደብረ ብርሃን አድርጋ ላምበረት ስትወርድ መሽቷል። በእጇ ፓስፖርትና ቪዛ የያዘ ፌስታል፣ በቦርሳዋ በሶና ቆሎ አለ። ከላምበረት በታክሲ መገናኛ ትደርሳለች፤ ቀላል ባቡሩ እዚያው አጠገቧ ያልፋል፣ ወደምትሄድበት ግን አይወስዳትም። ሌላ ታክሲ ትይዛለች። ብቻዋን አይደለችም፤ እናት፣ ወንድም፣ አክስት፣ የሰፈር ልጅ ሊሸኛት መጥቷል። አዋጭነት አጥኚዎች የዘነጉት ካለ ይህ ነው፦ ኢትዮጵያዊ ኤርፖርት የሚሄደው ከሸኚ ጋር ነው። አንድ መንገደኛ አምስት ሸኚ ካለው የፈጣን ባቡሩ ትኬት ደርሶ መልስ በስድስት ይባዛል፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ አንድ ሚኒባስ ተኮናትሮ በመንገዱ ይሄዳል፣ ባቡሩም ባዶ ወንበሩን ይዞ ያልፋል።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ በአክብሮት፣ ግን ከዚህ በላይ ሳይዘገይ፣ የባቡሩን የአዋጭነት ጥናት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ ይጠየቃል። ጥናቱ ተሸጋጋሪውን ቀንሶ የተሳፋሪውን ቁጥር፣ ታሪፉን፣ የብድሩን ገንዘብና የመክፈያ ዘመን፣ ኪሳራ ቢመጣ ማን እንደሚሸፍነው ይንገር። አዲሱ ፈጣን መስመር፣ ከነባሩ ሐዲድ የሚወጣው ቅርንጫፍና የፍጥነት መንገዱ አውቶቡስ በአንድ ሚዛን ይቀመጡ። ከዚያ በፊት የግንባታ ውል አይፈረም።

ቃሊቲና ለቡ፣ ቦሌና የምሥራቅ ምዕራቡ ቀላል ባቡር ሳይገናኙ አንድም አዲስ ሐዲድ አይነጠፍ። ለቆሙት ቀላል ባቡሮች መለዋወጫ ይገዛ፤ ያለውን ባቡር ማስኬድ ያልቻለ አስተዳደር ሦስተኛውን ይመራል ብሎ ማመን ከባድ ነው። ለኤርፖርቱ ሲባል ከአቡሴራ መሬታቸው የተነሡት ገበሬዎችና ልጆቻቸው በዚሁ ባቡር ሥራ እንዲያገኙ፣ በደጃቸውም እንዲቆምላቸው በጽሑፍ ይረጋገጥ።

ሰሜኑም አይረሳ። ከአዋሽ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር መስመር ከጊሼ ደጋ ግርጌ ነው የተዘረጋው። 1.7 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለት በ2007 ዓ.ም ተጀመረ፤ አዋሽ ኮምቦልቻ ያለው ሐዲድ ተነጥፎ እያለ ኃይል ሳይደርሰው ዓመታት አለፉ፣ በላዩም ጦርነት መጣበት። ለ8 ደቂቃ የሚወጣ ዶላር ከተገኘ ለዚህ መስመር መጠገኛና ኃይል ማስገቢያ ይቅደም። ከላምበረት መናኸሪያ ሌሊትም ቀንም በቀጥታ ወደ ኤርፖርት የሚሄድ አውቶቡስ ይመደብ። ከታርማ በር በመሐል ሜዳ አድርጎ ራቤል የሚደርሰው መንገድም ክረምት ከበጋ የሚያስተማምን ይሁን።

መልሱ በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት እንዳይቀመጥ፣ ለዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ብቻም ሳይሆን በአደባባይ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት እንዲሰጥ ይጠየቃል።

ከአክብሮት ጋር
ራቤል፣ ጊሼ፣ ሰሜን ሸዋ