አይባችን ስለ ምን አይቀልጥም?

ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ገበያ የተገዛ አይብ ምጣድ ላይ ቢያርፍ ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። ቅቤው አስቀድሞ ወጥቶለታል፤ የአሬራው አሲድም ካልሲየሙን አሟሙቶ ከአጓቱ ጋር ስለሚያስወግደው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን እርስ በርሱ ተጨብጦ ይቀራል። ሙቀት ይብሱን ያጠብቀዋል።

በሬኔት የረጋ ፎርማጆ ግን ካልሲየሙን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1911 የስዊዘርላንድ ተወላጆቹ ዋልተር ገርበርና ፍሪትዝ ስቴትለር ይህን ፎርማጆ ፈጭተው ከሶዲየም ሲትሬት ጋር አሞቁት። ሲትሬቱ ካልሲየሙን ሲነጥቅ ፕሮቲኑ ይላላል፤ ስቡንና ውኃውንም አስማምቶ ይይዛል። በሱቆቻችን በብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው የዚህ ዝርያ ነው። «ኬሚካል ነው» ብለው የሚሸሹት አሉ፤ የሲትሬቱ መነሻ የሆነው ሲትሪክ አሲድ ግን በሎሚያችን ውስጥም ሞልቷል። የጨዉን መብዛት ቢነቅፉ በተስማማሁ ነበር።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የአዊ ገበሬ ወተት ገዢ ያጣል። ቅቤው ተነጥሮ ይቆያል፤ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውኃ የሆነው አይብ ግን ፈጥኖ ይበላሻል። ስለዚህ የማቅለጫ ፋብሪካ ከመመኘታችን በፊት የሚቀልጠው ነገር ይኑረን። ወተቱን በሬኔት ማርጋት፣ ተጭኖ ማጥለል፣ ጨው ማስገባት፣ ለወራት በቀዝቃዛ ክፍል ማቆየት፦ የእንጅባራ ብርድ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲም በአንድ ጋን ወተት ሊጀምረው ይችላል።