ቀላል ጠመንጃ ልትገዛ ነው? መጀመሪያ ትከሻህን ጠይቀው!

በዚህ ዓምድ የፍቅር ጣጣ፣ የቤት ኪራይ ጭቅጭቅና የአማት ክስ ስናይ ከርመን፣ ዛሬ ደግሞ ያልጠበቅሁት ደብዳቤ እጄ ገባ። የጠመንጃ! አትደንግጡ፣ ቂም በቀል የለበትም። ጸሐፊው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የሚኖር የ27 ዓመት ወንድማችን ነው። «ስሜ ይቆይ» ብሏልና ስሙን ትተን ደብዳቤውን አሳጥረን እናንብበው።

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከአራት ዓመት በፊት በዲቪ ነው የመጣሁት። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ሲሆን የሥራ ባልደረቦቼ አደን ይወዳሉ። አምና በጥቅምት እኔንም ይዘውኝ ወጡ። ያዋሱኝ ጠመንጃ ከነመነጽሩ አምስት ኪሎ ይሆናል፤ ትከሻዬ ወልቆ ነበር። በሦስተኛው ቀን ኤልክ አገኘሁና ተኮስኩ። ደም አየን። እስኪመሽ ብንከተለው፣ በማግስቱም ብንፈልገው አጣነው። እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልወጣም። ዘንድሮ የራሴን ቀላል ጠመንጃ መግዛት አስቤያለሁ፤ ዕቁብም በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። ሱቅ ያየሁት ሰደፉ ዋልነት እንጨት የሆነ፣ ሦስት ኪሎ ብቻ የሚመዝን ነው። ፍቅር ያዘኝ ብልዎ አያምኑኝም። አባቴ ቤልጅግ ነበራቸው፤ እኔ እንጨት እንጂ ፕላስቲክ ጠመንጃ አይመስለኝም። ሻጩ ደግሞ ‹ለኤልክ .300 ማግነም ነው የሚያስፈልግህ› ይለኛል። አብራኝ የምትኖረው እህቴ የአምስት ዓመት ልጅ ስላላት ‹ቤቴ መሣሪያ አይገባም› ብላ አኩርፋለች። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም አሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት ከአዳኞች ጋር ተራራ ለተራራ ስለተንከራተትኩ፣ ጥቅምት ላይ እዚያ ከፍታ ላይ ሲነጋ ብርዱ እንዴት እንደሚናከስ አውቃለሁ። ኤልክ የሚሉት ያ ግዙፍ አጋዘን የሚውልበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንጦጦ ጫፍን የሚያህል ነው። እንጦጦን አምስት ኪሎ ብረት ተሸክሞ በቀን ሦስት ጊዜ መውጣትና መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ አይነገረውም። ስለዚህ ቀላል ጠመንጃ መፈለግህ ቅንጦት አይደለም። ሲደክምህ ትንፋሽህ ይቆራረጣል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ተኩስህ ይበላሻል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ያ ቆስሎ የጠፋው እንስሳ ነው። አንተ ጥፋቱን የክብደቱ አድርገኸዋል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምላጩን በሳብክበት ቅጽበት ዓይንህ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተጨፍኖ? አብዛኛው ጀማሪ ጠመንጃው ሊመታው መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ገና ሳይተኩስ ይሸማቀቃል። ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ወደኋላ ይሸሻል፣ አፈሙዙ በጣት ስፋት ፈቀቅ ይላል። መቶ ሜትር ላይ ያቺ ጣት ብዙ ነች። ልብና ሳንባ የነበረው ኢላማ ሆድ ወይም እግር ይሆናል፤ እንስሳው ደሙን እያንጠባጠበ ጫካ ይገባና ሌሊቱን ሲሰቃይ ያድራል።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጠመንጃ በቀለለ ቁጥር ምቱ ይብሳል! ያው አንድ ዓይነት ጥይት ከከባዱም ከቀላሉም ሲተኮስ እኩል አይመታም፤ ከባዱ ከጉልበቱ ከፊሉን በራሱ ክብደት ይውጠዋል፣ ቀላሉ ግን ሁሉንም ላንተ ያስረክብሃል። ሂሳቡ ቀላል ነው። የጠመንጃው ክብደት በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ የምቱ ጉልበት በአንድ አራተኛ ያድጋል። ሻጩ የመከረህን .300 ዊንቸስተር ማግነም እንይ። በእኩል ክብደት ጠመንጃ ቢተኮስ ምቱ ከ.308 ዊንቸስተር ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህንን ጥይት ሦስት ኪሎ በሆነ ጠመንጃ? በቅሎ ርግጫ በለው! አምስት ጥይት ከተኮስክ በኋላ ስድስተኛውን በደስታ አትተኩሰውም። ሻጩ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ማግነም ኤልክን ይጥላል፣ ሩቅም ይደርሳል። ነገር ግን የሚፈራውን ጠመንጃ የሚለማመድበት ሰው የለም።

ታዲያ ምን ጥይት? የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሊበርና 85 ግሬን የሚመዝን እርሳስ ይጠይቃል። በዚህ ሂሳብ ምቱ የ.308ን ግማሽ ያህል የሆነው .243 ዊንቸስተርም ያልፋል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ለኤልክ አልሰጠውም። እንስሳው 300 ኪሎ የሚደርስ ስለሆነ ትንሽ ስሕተት እንኳ ይቅር አይባልም። ለአንተ የምመርጥልህ 7 ሚሊ ሜትር-08 ሬሚንግተን የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ፣ ከ.308 ቀለህ የተቀረጸ፣ ምቱ ከአባቱ የለዘበ፣ 140 ግሬን እርሳስ ይዞ ኤልክን በአግባቡ የሚጥል ነው። በ2007 የመጣው 6.5 ክሪድሞርም በምት ለስላሳ ነው፤ በርቀት ግን አትጀነንበት። ጥይት በየሱቁ እንደልብ ላግኝ ካልክ .308 ይኸውልህ፤ ከሦስቱ ትንሽ ጠንከር ብሎ የሚመታው እሱ ነው።

አሁን ወደ ፍቅርህ፣ ወደ እንጨቱ እንምጣ። ለኛ የቤት ዕቃ ዋንዛ እንደሆነው ሁሉ፣ ለእነሱ የጠመንጃ ሰደፍ ዋልነት ነው። በብርድ ጉንጭህን ስታስደግፍበት እንደ ብረት አያቃጥልህም፣ ቁጥቋጦ ሲነካው እንደ ባዶ ፕላስቲክ ጓ! አይልም፣ ሲጫጫር ደግሞ በዘይት ይታሻል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ጠመንጃውን የሚያቀለው ግን እንጨቱ አይደለም! የዛሬዎቹ የካርቦን ሰደፎች ከዋልነት በጣም ያነሱ ናቸው። ባለ ዋልነት ጠመንጃ ሲቀልል የቀለለው አፈሙዙ ስለቀጠነና ስላጠረ፣ ማቀባበያው አጭር ስለሆነ፣ ሰደፉም ስለሳሳ ነው። ቀጭን አፈሙዝ ደግሞ ቶሎ ይግላል። ሲግል ኢላማው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሦስት ተኩሰህ አቀዝቅዘው። «ጠመንጃው ተበላሸ» ብለው የሚመልሱ ብዙዎቹ አላስቀዘቀዙትም።

የእንጨት ሌላው ዓመሉ ውሃ መጠጣቱ ነው። ዝናብና በረዶ ሲጠጣ ያብጥና አፈሙዙን በጎን ይገፋዋል፤ ትናንት መሃል የመታህበት ጠመንጃ ዛሬ ወደ ግራ ይመታል። ሱቅ ውስጥ የምትፈትነው እንዲህ ነው። የአንድ ዶላር ኖት አውጣና በአፈሙዙና በእንጨቱ መካከል አስገብተህ ወደ መዝጊያው ሳበው። ብዙዎቹ የዛሬ ጠመንጃዎች አፈሙዛቸው እንጨቱን ሳይነካ ነው የሚቀመጠው፤ ኖቱ መሃል ላይ በአንድ ጎን ከያዘህ ለምን እንደሆነ ሻጩን ጠይቀው። ፋብሪካዎች ውጭውን አሳምረው ውስጡን ስለሚረሱት፣ ከገዛህ በኋላ አስፈትተህ የሰደፉን ውስጥና ከጎማው ስር ያለውን ጫፍ ዘይት አስጠጣው። አሮጌ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ከማቀባበያው ጭራ በስተኋላ ያለውን እንጨት በደንብ እየው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የፀጉር ያህልም ብትሆን ተወው።

ስም ጥራልኝ ካልከኝ እጠራልሃለሁ። ዊንቸስተር ሞዴል 70 ፌዘርዌት ነገሩ ከቤትህ የወጣ ነው። ሞዴል 70 በ1936 ሲወጣ ቀለሁን ከኋላው ጨብጦ የሚያወጣውን ጥፍር የወረሰው ከጀርመኑ ማውዘር ነው። የአባትህ ቤልጅግም እኮ ያው ማውዘር ነው፤ በቤልጅግ አገር ኤፍ ኤን ፋብሪካ የተሠራ። ይበልጥ የሚገርምህ ደግሞ፣ ዛሬ የዊንቸስተርን ጠመንጃ የሚያሠራው ያው የኤፍ ኤን ቤተሰብ ነው። ፌዘርዌቱ በ1952 የመጣ ሲሆን ክብደቱ ሦስት ኪሎ ከጥቂት ግራም ነው። በ1964 ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ ብሎ ያንን ጥፍር ለውጦት አዳኞች በጣም አኩርፈው ነበር፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት እስከ ዛሬ በውድ ይሸጣሉ። ጥፍሩ በኋላ ስለተመለሰ ለአሮጌ ስም ብለህ ዕቁብህን አትጨርስ።

የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ሀንተርም ክብደቱ እዚያው አካባቢ ነው። ማቀባበያው ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ነው፣ ምላጩም ቀና ነው። የጥይት ካርታው ግን ፕላስቲክ ነውና እንደ አንተ ያለው ሰው ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል (ኤልኩ ግን አያይበትም)። ኪምበር 84ኤም ክላሲክ የሚባለው ደግሞ ከ2.7 ኪሎ በታች ነው፤ ስታነሳው መጫወቻ ይመስልሃል። ለልምድ ተኳሽ ግሩም ነው፤ ለአንተ ግን የዘንድሮው አይደለም። ከፌዘርዌትና ከቲካ አንዱን በ7 ሚሊ ሜትር-08 ወይም በ.308 ካገኘህ ያዝ።

ሱቅ ስትሄድ የአደን ጃኬትህን ለብሰህ ሂድ፣ ሰው ቢስቅም ይሳቅ። ዓይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን ወደ ትከሻህ አምጣና ከዚያ ዓይንህን ግለጥ። መነጽሩ መሃል ላይ ራስህን ካገኘኸው ልክህ ነው። አንገትህን መዘርጋት ወይም ጉንጭህን ማንሳት ካስፈለገህ፣ ልክ ያልሆነ ጠመንጃ ምቱን ጉንጭ ላይ ያሳርፋል፤ የዚያኔ እንጨቱ ቢያምር ምን ሊረባህ? ሦስት ኪሎ ስትባልም መነጽሩንና ማሰሪያውን፣ ማንገቻውንና ጥይቱን ደምርበት። ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ሁሉም ተደምሮ ሦስት ተኩል ቢሆን፣ ተራራ ላይ ይወጣል፣ ሲተኩስም ይረጋል። ከዚያ በታች አትጎምጅ።

የእህትህን ነገር በመጨረሻ ያመጣሁት ቀልዶ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። የአምስት ዓመት ልጅ የማይከፍተው መሳቢያ የለም። በኮሎራዶ ከ2021 ጀምሮ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቤት መሣሪያን ሳይቆልፉ ማስቀመጥ በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ከጠመንጃው በፊት የብረት ሣጥኑን ግዛ። እህትህ ባለችበት ግድግዳው ላይ አስገጥመው፣ ባዶውን ዝጋና ልጁ ይሞክረው። ጥይቱ በሌላ ሣጥን ይሁን፤ ቁልፉም ከአንገትህ አይውረድ። ያኔም እምቢ ካለች ቤቱ የእሷም ነውና ጠመንጃው ከባልደረባህ ዘንድ የሚቀመጥበትን መንገድ ሕጉን ጠይቀህ ፈልግ። በ2023 ከወጣው ሕግ ወዲህ በኮሎራዶ ከገዙ በኋላ ለመረከብ ሦስት ቀን መጠበቅ ግድ ነውና ዕቁቡን አደን ዋዜማ ላይ አታውጣው። አንተ ባለ ግሪን ካርድ ስለሆንክ መግዛት ትችላለህ፤ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ጓደኛህ «በስምህ ግዛልኝ» ቢልህ ግን እሺ እንዳትል! ለሌላ ሰው በራስ ስም መግዛት እስር ቤት ያስገባል። እዚህ አገር ያላችሁ አንባቢዎቼም ይህን አይታችሁ እንዳትነሱ፤ የኛ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የራሱ መንገድ አለው።

ዕቁቡ ሲደርስህ ሁሉንም ሱቁ ጠረጴዛ ላይ አትዘርግፈው። ለጥይትና ለመለማመጃ ቦታ ክፍያ በርከት ያለ አስቀር። ጆሮህን ሸፍነህ ከሐምሌ ጀምረህ በየሳምንቱ ሃያ ጥይት በቂ ነው፤ በአንድ ቀን መቶ አትተኩስ። ከጠረጴዛ ላይ ብቻ ሳይሆን ተቀምጠህ፣ ተንበርክከህ፣ ሮጠህ ልብህ እየደለቀ ተኩስ። አንድ ባልደረባህ እያጎረሰ ይስጥህ፤ አንዳንዴ ጥይት፣ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ፣ አንተ ሳታውቅ። ባዶው ላይ ምላጭ ስትስብ አፈሙዙ ከነቃነቀ አምና የሆነውን በገዛ ዓይንህ ታየዋለህ። ከዚያ ሃያ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የወረቀት ሳሕን ስቀል። አምስት ተኩሰህ አምስቱም የሚገቡበት ርቀት ስንት ነው? 150 ሜትር ከሆነ ጥቅምት ላይ ኤልኩ 160 ሜትር ላይ ቢቆም አትተኩስም። ጓደኞችህ «በለው! በለው!» ቢሉም አትተኩስም።

ሥጋው ይበላል ወይ ብለህ ከደብዳቤህ ግርጌ የጠየቅከውን ለንስሐ አባትህ ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው ጠመንጃውን ነው። የሳሕኑን ውጤት ጻፍልኝ፤ ቸር እንሰንብት።