ስለ እንጨት ችንካር ልክ

ወንበር ወይም ጠረጴዛ በሚገዛበት ጊዜ ገዢው የሚመለከተው የቀለሙን ማማርና የእንጨቱን ልስላሴ ነው። ዕቃው ጸንቶ እንዲቆም የሚያደርገው ግን በእግሩና በአግዳሚው መጋጠሚያ ውስጥ የተሰወረው ክብ የእንጨት ችንካር ነው። ይህም ከኮላው ጋራ ከገባ በኋላ ዳግመኛ አይታይምና፥ ሠራተኛው በልኩ ቢሠራው የሚያመሰግነው፥ ያለ ልክ ቢሠራውም የሚወቅሰው የለም። ሳይቆይ የተንገዳገደ ወንበር ሁሉ ጥፋቱ የእንጨቱ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ የላላ ቀጭን ችንካር ነው።

ቀዳዳው 10 ሚሊሜትር፥ ችንካሩ 9 ተኩል ቢሆን ልዩነቱ ለዓይን ኢምንት ነው። ነገር ግን የተለመደው የአናጢ ኮላ ተቀራርቦ የተጋጠመውን እንጨት ያያይዛል እንጂ ባዶ ቦታ ሞልቶ ኀይል ሊሆን አይችልም። ችንካሩ ከልኩ ቢወፍር ደግሞ ኮላውን ከፊቱ እየጠረገ ይገባል፤ ወይም እንጨቱን ይሰነጥቃል። አየሩና ትርፉ ኮላ መውጫ እንዲያገኙ በችንካሩ ቁመት ቀጫጭን ቦይ ማውጣት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ክብነቱም በቀላሉ አይገኝም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በሁሉም ወገን እኩል አይኰማተርም፤ በዕድገቱ ቀለበት ዙሪያ የሚኰማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኰማተረው እጥፍ ያህል ነው፤ በቁመቱ ግን ከቶ አይኰማተርም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ዛሬ በቶርኖ ፍጹም ክብ ሆኖ የወጣው እርጥብ ችንካር ከደረቀ በኋላ ሲለካ ሞላላ ሆኖ ይገኛል። በአሜሪካ በአፓላችያ ተራሮች የነበሩ ወንበር ሠሪዎች ይህን ጠባይ ዐውቀው ለጥቅማቸው አውለውት ነበር፤ አግዳሚውን እጅግ አድርቀው፥ እግሩን ግን ጥቂት እርጥበት ሳለው ያጋጥሙታል፤ እግሩም ሲደርቅ ተኰማትሮ የአግዳሚውን ጫፍ ይጨብጠዋል። ብልሃት ማለት ይህ ነው።

አሠራሩ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ጕጥ የሌለበት የደረቀ ጠንካራ እንጨት በመጋዝ ሳይሆን በመጥረቢያ ይፈለጣል፤ ፍልጥ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ስለሚሄድ ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቈረጥ ይቀራል። ከዚያም ጠርዙን በቢላዋ ቀንሶ፥ በወፍራም የብረት ገበታ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ በእንጨት መዶሻ እየመቱ ማሳለፍ ነው። የቀዳዳው የላይ አፍ ስለታም፥ ታችኛው ወገን ጥቂት ሰፋ ያለ ይሁን፤ ያለዚያ ችንካሩ መካከል ላይ ይጣበቃል። አስቀድሞ በ11፥ ቀጥሎ በ10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ቢያልፍ ይበልጥ ይጠራል። ብዙ ችንካር የሚያስፈልገው ሥራ ቤት ደግሞ እንጨቱን በመሰርሰሪያ ማሽን እያሽከረከረ፥ የመላጊያ ስለት በተገጠመበትና መግቢያው ሰፊ፥ መውጫው ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ሊያሳልፈው ይችላል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን፥ ልኩ የሚፈተነው በዚያው ወንበሩን በሚበሳው መሰርሰሪያ ቍራጭ እንጨት ላይ ቀዳዳ በስቶ ነው፤ በእጅ ሲገፋ ጥቂት ታግሎ የሚገባው ችንካር ደኅና ነው።

በምስማር ቢመታ ምን ይጐዳል የሚል ይኖራል። እንጨቱ በክረምት አብጦ በበጋ ሲኰማተር ብረቱ አብሮት አይሄድምና ቀዳዳው እየሰፋ ይላላል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ ከድንጋዩ ጋራ የተደረደሩትን እንጨቶች ያየ ሰው፥ አንዱ በሌላው ላይ በተቈረጠለት ልክ ተቀምጦ እንዴት እንደ ተያያዘ ይመሰክራል።

የገንዘቡን ነገር እናንሣ። በጨረታ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበ ሰው ወጪውን የሚቀንሰው ከሚታየው ከላዩ ሳይሆን ከማይታየው ከመጋጠሚያው ነው። ቫርኒሹ ያበራል፤ ዕቃው ተቈጥሮ ይገባል፤ ተረካቢውም ይፈርማል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ወንበር የሚያሠሩ ሹማምንትም ሆኑ ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚያሠሩ ካህናት በማዘዣው ላይ የችንካሩን ውፍረት በሚሊሜትር፥ የእንጨቱንም ዓይነትና መድረቁን ያስጽፉ። ርክክብ ሲሆንም ከመቶው አንዱ ወንበር በመጋዝ ተቈርጦ መጋጠሚያው ይታይ፤ የሚቈረጠውንም ገዢው ይምረጠው እንጂ ሻጩ አይምረጠው።