የእናቶች ድካም በስንፍና አይተርጎም

የገጠሯ እናት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ውኃ ትቀዳለች፤ ትጋግራለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ በአረምና በአጨዳ ወቅትም ከባለቤቷ ጎን ተሰልፋ ትውላለች። ይህች እናት አንድ ቀን ጉልበቷ ሲከዳት፣ ምግብ ሲያስጠላት፣ ሆዷን ሲያማትና ከሰው ጋር መጫወት ሲታክታት በመንደሩ የሚሰጣት ስም ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ሰነፈች»፣ ወይ «አንድ ነገር ለክፏታል» ይባላል። በሁለቱም በኩል ሳይመረመር የሚቀረው ደሟ ነው።

የደም ማነስ በቀላሉ የሚታይ ችግር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። መንሥኤው ልዩ ልዩ ቢሆንም የብረት ማዕድን እጥረት ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

ብረት ሲጎድል የሚዳከመው ክንድ ብቻ አይደለም። አንጎልም ስሜትንና ንቃትን የሚቆጣጠሩትን ቅመሞች ለማዘጋጀት ብረት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብረት ያነሰው ሰው ሊነጫነጭ፣ ሊተክዝ፣ ሐሳቡም ሊበታተንበት ይችላል። ሕፃን ሲሆን ደግሞ ትምህርት ሊከብደው ይችላል። በሆድ በኩልም ምላስ ይቆስላል፣ የከንፈር ዳርና ዳር ይሰነጠቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ አፈር ብላ ብላ የሚላቸውም አሉ።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። የጨጓራ ቁስለት ቀስ በቀስ ደም ያፈሳል። በባዶ እግር ከሚረገጥ እርጥብ አፈር ወደ ሰውነት የሚገባው መንጠቆ ትልም አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። በመሆኑም ሆድ ደምን፣ ደምም ሆድንና መንፈስን ይጎዳል ማለት ነው።

«ጤፍ እየተበላ ብረት እንዴት ይጎድላል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በጤፍ ውስጥ ብረት መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባለው በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል በመሆኑ፣ ከእህሉም የሚገኘው ቢሆን በቀላሉ ወደ ደም ስለማይገባ፣ የተበላው ሁሉ አይጠቅምም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ማዕድ እንደተነሣ ሲጠጣ የሚገባውን ብረት ይበልጥ ይቀንሰዋል። ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት ማዘግየት፣ በወጡ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ መጨመር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ ነው።

ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው የብረት ኪኒን ታላቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ያቅለሸልሻል፤ ሆድ ያደርቃል፤ ዓይነ ምድርንም ያጠቁራል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት መድኃኒቱ የጎዳት መስሏት ከሳጥን ሥር ብትጥለው አያስደንቅም። ኪኒኑ ከምግብ ጋር ወይም በመኝታ ሰዓት ሲወሰድ ሕመሙ እንደሚቀንስ፣ ድካሙ ከቀለለ በኋላም ለወራት መቀጠል እንዳለበት የሚያድለው የጤና ባለሙያ ሊያስረዳት ይገባል። ኪኒን ሳይወሰድ ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን የመድማት ምልክት ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ስሕተትም መታረም አለበት። በክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚለካው የደም ግፊት ነው። የግፊት መውረድና የደም ማነስ ለየቅል ናቸው። የደም ማነስ የሚታወቀው ከጣት ጫፍ ወይም ከክንድ በሚወሰድ ደም ነው።

ትካዜ ሁሉ ከብረት እጥረት ይመጣል ማለት አይደለም። ሐዘን፣ ዕዳና በቤት ውስጥ የሚደርስ ግፍ ልብን ይሰብራሉ። ደሟ ታክሞ ጭንቀቱ ያልለቀቃት፣ ይልቁንም መኖር ያስጠላት ሴት ለአእምሮ ጤና ሕክምና ሳትዘገይ መቅረብ አለባት። ጸበል የምትጠመቅ ብትሆንም መመርመሩ ከእምነቷ ጋር አይጋጭም።

እንግዲህ ኃላፊነቱ የጋራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም የሚያዘወትሩትን ወደ ምርመራ ይላኩ። ጤና ጣቢያዎች ኪኒኑ እንዳይቋረጥ ያድርጉ። የቀበሌ አስተዳደሮች የመጸዳጃ ቤትንና የንጹሕ ውኃን ጉዳይ ይግፉበት። ባሎችም ለታመመች በሬ መድኃኒት ፍለጋ ገበያ ድረስ የሚሄዱትን ያህል ሚስቶቻቸውን ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ይትጉ። የእርሻው ምርት የሚያድገው የሚያርሰውና የሚያርመው ሰው ጤነኛ ሲሆን ነውና፣ የእናቲቱ ድካም በሐሜት ሳይሆን በምርመራ ምላሽ ያግኝ።