«ባረቀ» ብለን አንለፈው

«ጠብመንጃ ባርቆበት ሞተ» የሚል ዜና ስንሰማ ከንፈር መጠን እናልፋለን። «ባረቀ» የምትለዋ ቃል ጥፋተኛ የላትም። ለምን ባረቀ? ምላጩን ማን ነካው? የሚል ጥያቄ አይከተላትም። እኔ ግን የጋዜጠኛ ሥራ የሚጀምረው እዚህች ቃል ላይ ነው እላለሁ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሬሚንግተን 700 የተባለው የአሜሪካ የአደን ጠብመንጃ እ.ኤ.አ. በ1962 ገበያ ላይ ዋለ። አዳኞች ከወደዱለት ነገር አንዱ ምላጩ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ሲስቡት እጅን አያናጋም። ይህ ልስላሴ የመጣው ምላጩ ላይ በስፕሪንግ ከተደገፈች አንዲት ትንሽ ብረት ነው። ጣጣውም ከእሷው ነው። ባለሙያዎች እንዳስረዱት፣ በብረቷና በምላጩ መሀል ቆሻሻ ወይም የደረቀ ዘይት ከገባ ብረቷ ወደ ቦታዋ ላትመለስ ትችላለች። ያኔ ሴፍቲው ሲለቀቅ፣ ማንም ምላጩን ሳይነካ ጥይቱ ይወጣል።

ኩባንያው ምላጩ ደህና ነው፣ ችግሩ የአያያዝ ነው እያለ ለዓመታት ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ሲኤንቢሲ ቴሌቪዥን የቆዩ ሰነዶችን ይዞ ቀረበ። ይኸው ዓይነት ምላጭ ቀደም ባሉት የኩባንያው ጠብመንጃዎች ላይ ሲገጠም፣ የሠራው መሐንዲስ ገና በ1948 ማሻሻያ አቅርቦ ነበር። ወጪው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? በአንድ ጠብመንጃ አምስት ተኩል የአሜሪካ ሳንቲም! በኋላ የተተካው አዲስ ምላጭ እንኳ በ2014 ለጥገና እንዲመለስ ኩባንያው ራሱ ጥሪ አድርጓል።

«አፈሙዙን ወደ ሰው ያዞረ ሰውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም። ግን እኮ የተኳሹ ጥንቃቄ የፋብሪካውን ዕዳ አይሰርዝም።

ስለዚህ የአደን ጠብመንጃ የሚመርጥ ሰው «ምላጩ ይቀላል ወይ?» ብቻ አይበል። ጥይት አለመኖሩን አረጋግጦ ያቀባብለው፤ ሴፍቲውን ዘግቶ ምላጩን ስቦ ይልቀቀው፤ ከዚያ ሴፍቲውን ይክፈት። መርፌው ቀጭ ካለ ያንን ጠብመንጃ አይግዛ። ቀጭ አለማለቱ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ ቆሻሻው የሚገባው ነገ ሊሆን ይችላል። ገዢው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሊያየው የማይችለውን፣ ፋይል ውስጥ የተቀበረውን ማውጣት የእኛ ድርሻ ነው።

ነገ ዜና ክፍል ስንገባ «ባረቀ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ ይመጣል። ከማንበባችን በፊት ጠብመንጃው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማን እንደመረመረውና ምን እንደተገኘ እንጠይቅ።