ከምርመራው ውጤት ማግስት



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ትምህርት ስንጨዋወት ቆይተናል። በዚህ ወር ግን ከክፍሌ ወጣ ብዬ ስለ አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ልጽፍ ነው። ባለጉዳይዋ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ ራሷ ፈቅዳልኛለች፤ እንዲያውም «ስሜን ብቻ ተዪው፤ ሌላውን ጻፊው፤ ለአንዷ ይጠቅማት ይሆናል» ብላኛለች።

ነገሩ የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መግቢያ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የምትኖረው እትዬ ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቷ ሲሆን የአራት ልጆች እናት ነበረች። ገላዋን ስትታጠብ በግራ ጡቷ ላይ የማያም ጠጣር እብጠት አገኘች። አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥታ ተመረመረች፤ ናሙናም ተወሰደ። ውጤቱን በመጀመሪያ የሰማችው ግን እሷ አይደለችም። ሐኪሙ ወንድም ጋሼን ወደ ጎን ጠርቶ ነገረው። ወንድም ጋሼ ለባሏ፣ ባሏ ለእኔ ነገሩን። እሷን «ተራ እብጠት ነው» አልናት፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉም እሷ ወደ ሳሎን በገባች ቁጥር ወሬ እንቀይር ነበር።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እኛ ሸንጎ ተቀምጠናል። ወንድም ጋሼ «ካንሰር ቢላ ከነካው ይሠራጫል፤ አይነካ» አለ። አንድ ዘመዳችን ኬሞቴራፒ የጀመረች ጎረቤቱ ፀጉሯ ረግፎ፣ ምግብ አልረጋላት ብሎ እንዴት እንደከሳች አወራልን። አክስታችን ከደሴ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው ይዘው መጡ። ባሏ ዝም ብሎ መስበሓውን ይቆጥራል። እኔ የተማርኩት ሴት ደግሞ ለሁሉም ራሴን እነቀንቅ ነበር።

በዐሥረኛው ቀን እትዬ ፈጅር ሰግዳ ወደ ክፍሌ ገባችና «ልጆቼን ማሳደግ አለማሳደጌ የሚወሰንበት ስብሰባ ላይ እኔን ያልጠራችሁኝ ለምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዲናችን መመካከር የታዘዘ ነገር መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ቀርተናል። ታዲያ ባለጉዳይዋ የሌለችበት ምክክር ምን ዓይነት ምክክር ነው? በሽተኛን ከሐዘን እንጠብቃለን ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንጠብቀው የራሳችንን ጭንቀት ነው። ይህን የምለው በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁና።

በዚያው ቀን ከልጄ ደብተሮች ሠላሳ ሁለት ገጹን ወስዳ ጥያቄዎቿን ጻፈች። ከዚያም ወደ ሌላ ሐኪም ሄድን። ይህችኛዋ ሴት ናት፤ እትዬን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ አናገረቻት። የእትዬ የመጀመሪያ ጥያቄ «እሞታለሁ ወይ?» የሚል አልነበረም፤ «የእኔ የትኛው ዓይነት ነው?» የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው።

የጡት ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። አንዳንዱ ዕጢ ኢስትሮጅን በተባለው የሴት ሆርሞን ተመግቦ የሚያድግ ነው፤ እንዲህ ያለው ሆርሞኑን በሚከለክል እንክብል ይታከማል። አንዳንዱ ሄር ቱ የሚባለው ፕሮቲን የበዛበት ነው፤ ለእሱ ትራስቱዙማብ የሚባል የተለየ መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱ ልብን ሊያደክም ስለሚችል የልብ ምርመራ እየተደረገ ይሰጣል። ሁለቱም የሌሉበት ዓይነት ደግሞ ዋና ተስፋው ኬሞቴራፒ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ታሪክ የእትዬ ታሪክ ሊሆን አይችልም። የዘመዳችን ጎረቤት የትኛው እንደነበረባት፣ በሽታው በስንተኛው ደረጃ እንደተገኘባት ከመካከላችን ማንም አልጠየቀም ነበር። የእትዬ ሆርሞን የሚቀበል፣ ሄር ቱ የሌለበት፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ነው።

ቀጥሎ የቢላው ነገር መጣ። ወንድም ጋሼ አብሮን ገብቶ ስለነበር ራሱ ጠየቀ። ሐኪሟ አልሳቀችበትም። «ይህን የሚሉት ሰዎች ያዩት ነገር አለ» አለችው። «በአገራችን ብዙዎች የሚመጡት በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ነው። ተቀድደው ሲሞቱ ሰው ሞቱን ከቢላው ያገናኘዋል። ቢላው ግን አላሠራጨውም፤ ዘግይቶ ነው የደረሰው» አለችው። ወንድም ጋሼ ከዚያ በኋላ ስለ ቢላ አላነሣም።

ቀዶ ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ጡቱን በሙሉ ማንሣት ነው። ሁለተኛው ዕጢውን ከዙሪያው ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር ብቻ አውጥቶ የቀረውን ጡት በጨረር ማከም ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት አሜሪካዊው ሐኪም ሃልስቴድ ጡቱን ከደረት ጡንቻው ጋር ጠርጎ የማውጣት ዘዴ አስፋፍቶ ነበር፤ ሴቶችም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዚሁ ተሠቃይተዋል። በኋላ ቬሮኔሲ በሚላኖ፣ ፊሸር በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁለቱን መንገዶች ማወዳደር ጀመሩ። ሴቶቹን ሃያ ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ውጤት፣ በጊዜ ለተገኘ ካንሰር ጡታቸው የተነሣና ጡታቸው የተረፈ ሴቶች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እኩል ሆኖ ተገኘ። ብዙ ቆርጦ ማውጣት ብዙ ማዳን አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ እትዬ የትኛውን መረጠች? ጡቱ በሙሉ እንዲነሣ ነው የመረጠችው። የውጭ አገር መጽሔት የሚያነብ ሰው ተሳሳተች ይል ይሆናል። እሷ ግን ስሌቷን በደብተሯ አስፍራ ነበር። ጡቷን ብታስተርፍ ጨረሩ አይቀሬ ነው። ጨረር ደግሞ በየቀኑ እየተመላለሱ ለሳምንታት የሚወሰድ ነው፤ ተራው እስኪደርስ የሚጠበቀው ወረፋም ራሱን የቻለ ጭንቅ ነው። በአገራችን ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች የተጀመረው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው። ትንሹ ልጇ አምስት ዓመቱ ነበር። ሐኪሟም «ከብብትሽ ንፍፊቶች ካንሰር ከተገኘ ጡቱ ተነሥቶም ጨረር ሊያስፈልግሽ ይችላል» ብላ አስቀድማ አስጠንቅቃታለች። ይህን አውቃ ወሰነች። ባሏ ያን ዕለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ፤ «እኔ የምፈልገው አንቺን ነው» አላት። አጭር ነው፤ ግን ከእኛ ዘጠኝ ቀን ወሬ ይበልጥ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ፤ አልሐምዱሊላህ። ከወጡት ዐሥራ ሁለት ንፍፊቶች በአንዱም ካንሰር አልተገኘም። ንፍፊት የወጣለት ክንድ ግን ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሊያብጥ እንደሚችል ሰው አይነግራችሁም። እትዬ ጠዋትና ማታ ክንዷን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ እያራመደች ታሠራዋለች፤ በዚያ እጇ እንስራ አትሸከምም፤ እንዳትቆረጥና እንዳትቃጠል ትጠነቀቃለች። ቁስሉ እስኪደርቅ ስለ ዉዱእ ተጨንቃ ነበር፤ የሰፈራችን ኡስታዝ በፋሻው ላይ ማበስ እንደሚበቃት ነገሯት።

ከባዱ ውሳኔ ኬሞቴራፒው ነበር። ካንሰሩ ከጡቷ ወጥቷል፤ በንፍፊትም የለም። ታዲያ መርዝ የሚመስል መድኃኒት ለምን? ሐኪሟ «በዓይን የማይታይ ዘር በደም ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል» አለች። «ምን ያህል ይጠቅመኛል?» አለች እትዬ። እዚህ ላይ የአስተማሪነቴ ነገር ሆኖ አንድ ሒሳብ ላስገባ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው፣ የማንም ታማሚ አይደለም። አንድ መድኃኒት የበሽታውን መመለስ ከመቶ ሠላሳ ይቀንሳል ተባለ እንበል። ያለ መድኃኒቱ ከመቶ ሴቶች ሃያዎቹ የሚመለስባቸው ከሆነ፣ መድኃኒቱ ስድስቱን ያተርፋል። አራት ብቻ የሚመለስባቸው ከሆነ ግን የሚያተርፈው አንዲት ሴት ያህል ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱን ግን በሁለቱም ወገን መቶዎቹም ይቀምሱታል። ስለዚህ «በስንት ይቀንሳል?» ብቻ ሳይሆን «እንደ እኔ ካሉ መቶ ሴቶች ስንቷን ይጠቅማል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታወቀ፣ ከዐሥር ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ታይለርኤክስ የተባለ ጥናት፣ ካንሰራቸው ከእትዬ ጋር የሚመሳሰል ብዙ ሴቶች ኬሞቴራፒ ሳይወስዱ በእንክብሉ ብቻ ያንኑ ያህል እንደሚቆዩ አሳይቷል። ማን ሊተወው እንደሚችል የሚለየው የዕጢው የዘረ መል ምርመራ ግን ውድ ነው፤ እትዬ አላሠራችም። ዕድሜዋ ከሃምሳ በታች መሆኑና ዕጢዋ በፍጥነት የሚያድግ ዓይነት መሆኑ ሲታይ ሐኪሟ ወደ መውሰዱ አዘነበለች። እትዬ ሁለት ቀን ኢስቲኻራ ሰግዳ፣ አስባ፣ «እወስዳለሁ» አለች። ሌላ ሴት በስድሳ አምስት ዓመቷ፣ ትንሽ ዕጢ ይዛ «ይቅርብኝ» ብትል እሷም ትክክል ልትሆን ትችላለች።

መድኃኒቱ የተጀመረው በዚያው ዓመት በረመዳን አጋማሽ ነው። ለታማሚ መፍቀዱን እያወቀች እንኳ የመጀመሪያውን ቀን አልፈጥርም ብላ አስቸግራን ነበር። የመጀመሪያው መድኃኒት እንደ ቪምቶ የቀላ ነው፤ ሽንትንም ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል፤ እኛ ደም መስሎን ደንግጠናል። ማቅለሽለሹ እንደፈራነው አልሆነም፤ ኦንዳንሴትሮን የመሰሉ መከላከያዎች አስቀድመው ይሰጣሉና። ፀጉሯ በሦስተኛው ሳምንት ረገፈ፤ «ሒጃቤ ይሸፍንልኛል» ብላ ሳቀች፤ ሻወር ቤት ገብታ ግን ስታለቅስ ሰማኋት። ፀጉር ሕክምናው ሲያበቃ ይመለሳል፤ የእሷም ተመልሷል። የወር አበባዋ ተቋረጠ። ገና መውለድ የምትሻ ሴት ካለች ይህን ጉዳይ መድኃኒቱ ሳይጀመር ማንሣት ይኖርባታል፤ ተጀምሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ከሁሉ ያስፈራን ግን ማንም ያላወራልን ነገር ነበር። ከሁለተኛው ዙር በኋላ በዐሥረኛው ቀን ማታ ሰውነቷ ጋለ፤ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሦስት። ወንድም ጋሼ «ፓራሲታሞል ትውሰድና ሲነጋ እንሄዳለን» አለ። ደብተሩን ገለጥኩት። በእትዬ ጽሕፈት «ትኩሳት 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን» የሚል ተጽፎበታል። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ስለሚያንስ ቀላል ተውሳክ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በዚያው ሌሊት ሄድን፤ በደም ሥር ፀረ ተሕዋስያን ተሰጣት፤ አራት ቀን ተኝታ ወጣች።

የአክስታችንን ማርና አዝሙድ ሐኪሟ ስታይ አልጣለችውም። «ማሩን ብዪ፤ ሌላ ቅጠላ ቅጠል ግን ሳትነግሪኝ እንዳትወስጂ፤ አንዳንዱ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል» አለች። ሩቂያም ዘምዘምም ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ በሕክምና ምትክ ሲገቡ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የሆስፒታሉን ሕክምና ትተው ሌላ ዘዴ ብቻ የመረጡ የጡት ካንሰር ታማሚዎች የመሞት ዕድላቸው ሕክምናውን ከወሰዱት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኗል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አስተምረውናል፤ ተወኩል ሰበብን መተው እንዳልሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሁለተኛው መድኃኒት ፓክሊታክሰል የጣቶቿን ጫፍ አደንዝዟል። ይህ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያስቸግራታል። ልብስ ሰፊ ለነበረች ሴት ቀላል ነገር አይደለም። ትጸጸት እንደሆነ ጠይቄአታለሁ። «ጣቴን አውቄ ነው የሰጠሁት» አለችኝ፤ ወዲያው ደግሞ «ቀን ቀን እንዲህ እላለሁ፤ ማታ ስሰፋ ግን ይናደደኛል» አለች።

አሁን የምትወስደው ታሞክሲፈን ነው፤ በቀን አንድ እንክብል፣ ቢያንስ አምስት ዓመት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኦክስፎርድ ድምር ጥናት፣ እንደ እሷ ካንሰራቸው ሆርሞን ተቀባይ የሆነና አምስት ዓመት የወሰዱት ሴቶች በዚህ በሽታ የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ርካሽ ነው። ነገር ግን ሰውነትን በድንገት ያግላል፤ አልፎ አልፎ የደም መርጋት ያመጣል፤ የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች ደግሞ ደም ካዩ የማሕፀን ምርመራ ማድረግ አለባቸው። በእርግዝናም አይወሰድም። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ሐኪሟን አማክራ እንክብሏን በሱሑር እየዋጠች ወሩን ሙሉ ጾመች። ተራዊሕ ላይ ግለቱ ሲመጣባት ከመስኮቱ ሥር ያለውን ቦታ ትይዝ ነበር፤ ሴቶቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ይለቁላታል።

ባለፈው ሰሞን ከሐርቡ አንዲት ሴት በሰው በሰው ሰምታ ቤቷ መጣች፤ ናሙና ሰጥታ ውጤት የምትጠብቅ ናት። እትዬ ደብተሩን ሰጠቻት፤ ከመስጠቷ በፊት ግን መልሶቹ ያሉባቸውን ገጾች ቀድዳ አወጣች። ሴትዮዋ «ይሄንንስ ለምን?» ብትላት «የእኔ ነው፤ አንቺ የራስሽን ትጽፊበታለሽ» አለቻት። ከዚያም ቡና አፈላች።